የአቀንጭራ ጆሮ

እኛ የባህር ዳር ልጆች ስለ አረም ካወራን ወሬያችን እምቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ያልተባለ ነገር የለም። ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ አካባቢ፣ ማሽላና ዳጉሳ የሚዘራው ገበሬ ግን ሌላ የሚፈራው አረም አለው፤ አቀንጭራ። ለእሱ ቲሸርት ያሳተመ አላየንም።

አቀንጭራ አበባው ሲያዩት ያምራል። ሥራው ግን ሌብነት ነው። ሥሩን ማሽላው ሥር ላይ ሰክቶ ውሃና ምግቡን ይመጠምጣል። ብቅ ሲል ቢነቅሉትም ጉዳቱ ከመሬት በታች ደርሷል። አንዱ ተክል አቧራ የሚያክል ዘር በአስር ሺዎች ይበትናል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ መጠበቅ ይችላል።

ምኑን ነው የሚጠብቀው? እጃችንን አፋችን ላይ የጫንነው እዚህ ጋ ነው። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ይለቃል፤ ጠቃሚ ፈንገሶችን "ኑ አግዙኝ" ማለቱ ነው። ጥሪውን ሌባውም ይሰማል። ድሃ መሬት ላይ ደግሞ ጥሪው ይበረታል። ምስኪኑ ገበሬ ሁለቴ ተመታ ማለት ነው።

አቀንጭራ ይህን ጆሮ ከየት አመጣው? ብዙ ዕፅዋት ከሰደድ እሳት በኋላ የጭስ ኬሚካል የሚለይ ተቀባይ ፕሮቲን አላቸው። ሳይንቲስቶች የሚመራመሩባት አራቢዶፕሲስ ለዚህ ያላት ጂን አንድ ነው። አቀንጭራ ግን 11 አለው! በረጅም ዘመን ጂኑ እየተባዛ፣ ቅጂዎቹም እየተለወጡ ሄደው፣ የጭሱ መለያ የማሽላን ጥሪ ማድመጫ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከቅጂዎቹ አንዱ እጅግ ኢምንት የሆነ ኬሚካል ይበቃዋል።

የሌባውን ጆሮ መድፈን ቢያቅት የማሽላውን ጥሪ መቀየር ይቻላል። የወለንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀላቸው ጭምር ነው። ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ለአገራችን ገበሬ የቀረቡት ከዚሁ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ምስጢሩ ታወቀ፦ አንድ ጂን ሲጎድል የጥሪው ዓይነት ይለወጣል፤ አቀንጭራውም እንቅልፉን ይለጥጣል።

መድኃኒቱ ግን ዘር ነው፤ ዘር ደግሞ ማሳ ካልደረሰ ወሬ ነው። ለእምቦጭ የጮኽነውን ያህል ለዚህም እንጩህ። ሌባው 11 ጆሮ ካለው፣ እኛ ባሉን ሁለቱ የማዶውን ሰው መስማት አያቅተንም።