የልብ ፋታ

የጤነኛ ሰው ልብ በአንድ ቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ከዚህ መካከል ለጥቂት ሴኮንዶች ጸጥ ቢል ባለቤቱ እንኳ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ያለውን ፋታ ለመያዝ ልብን ቀንና ሌሊት የሚከታተል መሣሪያ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘልና 38 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነበር፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ግን በኪስ ይያዛል።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ራሳቸውን እያዞራቸው ስለ ተቸገሩ ይህን መሣሪያ ታጥቀው ዋሉ፤ አደሩም። የሚሰማቸውን ነገር ከነሰዓቱ እንዲጽፉበት ትንሽ ደብተርም ተሰጥቷቸው ነበር።

ንድፉ ሲነበብ ሁለት ፋታዎች ተገኙ፤ አንዱ ሌሊት የታየ የ3 ሴኮንድ፣ ሌላው በመሣሪያው አቆጣጠር 14 ሰዓት ላይ የታየ የ4 ሴኮንድ። ልጆቻቸው የሌሊቱን ሰምተው ደነገጡ፤ ልብ ቆመ ማለት ለቤተሰብ ሌላ ትርጉም የለውምና። ሐኪሙ ግን አልቸኮለም። አስቀድሞ ከደረታቸው የተለጠፈው ሽቦ ላልቶ እንዳይሆን መረመረ፤ የላላ ሽቦ ጤነኛውን ልብ የቆመ ያስመስላልና። ቀጥሎ ከፋታው በፊት ያለውን ምልክት አጤነ። ከላይኛው የልብ ክፍል ጊዜውን ሳይጠብቅ የተነሣ ምልክት ወደ ታችኛው ሳያልፍ ሲቀር ፋታ ይፈጠራል፤ ይህም እጅግ የተለመደ ነው። በዚህ ንድፍ ላይ ግን አልታየም። መምህሩ በዚያ ሰዓት ተኝተው ነበር። በእንቅልፍ ጊዜ ቬገስ የተባለው ነርቭ ስለሚበረታ ልብ ይዘገያል፤ በጠንካራ ሯጮች ዘንድማ እንዲህ ያለው የሌሊት ፋታ እንግዳ ነገር አይደለም። ሐኪሙ መምህሩ ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ይቆረጥ እንደሆነ ባለቤታቸውን ጠየቀ፤ እንደማይቆረጥ ነገሩት።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ተከፈተ። «8 ሰዓት፤ ቁጭ ብዬ ሳነብ ዓይኔ ጨለመብኝ» ይላል። ረዳቱ በንድፉ 8 ሰዓት ላይ ቢፈልግ ያገኘው የተስተካከለ ምት ብቻ ነበር፤ ስለዚህ የዓይናቸው መጨለም ከልብ የመጣ አይደለም ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ።

«መምህር፣ ይህ 8 ሰዓት ከምሳ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አለ ሐኪሙ።

«ከምሳ በኋላ ነው እንጂ!»

መሣሪያው ሰዓትን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው፤ መምህሩ ደግሞ እንደ አገራቸው ልማድ ከንጋት። 6 ሰዓት ሲጨመርበት የደብተሩ 8 የንድፉ 14 ሆነ። ሐኪሙ ለሌሊቱ ፋታ ምንም አላዘዘም። ስለ ቀኑ ግን፣ የሚወስዱት መድኃኒት ምትን የሚያዘገይ አለመሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከቆዳ ሥር ተቀብሮ ልብን ስለሚያግዘው ፔስሜከር ያነጋግራቸው ጀመር።