“እርጅና ነው” ብለን አንለፈው

ውድ አንባቢያን፣ ከመካከላችሁ አሮጊት እናት ወይም አዛውንት አባት የሌለው ጥቂት ነው ብዬ እገምታለሁ። እስቲ አስተውላችሁ እዩአቸው። ቁመታቸው ከድሮው አላጠረም? ጀርባቸው አልጎበጠም? “ወገቤን፣ ወገቤን” እያሉ ሌሊቱን አያቃስቱም? ይህን ስናይ የብዙዎቻችን መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ “እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል!” እንላለን። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ስለዚህች አጭር አባባል ነው። ረጅም ዕድሜ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። የአጥንት መሰበር ግን ከስጦታው ጋር የግድ ተያይዞ የሚመጣ ዕዳ አይደለም።

የምኖረው በካፋ ዞን፣ በቦንጋ ከተማ ነው። አካባቢያችንን የምታውቁ ሁሉ ደኑን፣ ቡናውንና ማሩን ታደንቃላችሁ። ለወጣት እግር ያማረው ይህ ምድር ለሸመገለ እግር ግን ፈተና አለው። ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ስለሚጥል ጭቃው ያዳልጣል፤ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ በገጠር መጸዳጃው ከቤት ርቆ ከእንሰቱ ጀርባ ይገኛል።

ሁለት ጊዜ መውደቅ

እናቴ የምትኖረው በጊምቦ ወረዳ ነበር። ስድሳ ዓመት ካለፋት በኋላ አንድ ቀን ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አዳለጣትና በእጇ መሬት ተደግፋ ወደቀች። የእጇ አንጓ ተሰበረ። የመንደሩ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረላት፤ ጥቂት ጠመም ቢልም ዳነ። ጎረቤቱም “እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ” ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ መርቆ ሄደ።

አራት ዓመት አለፈ። በአንድ የክረምት ሌሊት ወደ ደጅ ልትወጣ ስትል ደፉ ላይ ተሰናክላ በጎኗ ወደቀች። በዚህ ጊዜ መነሣት አልቻለችም። አንደኛው እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሮ ነበር። የመንደሩ ወጣቶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አደረሱልን። ቦንጋ በገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል ራጅ ስትነሣ የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ሥር መሰበሩ ታየ። ለቀዶ ሕክምናም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ጅማ ገባን።

እዚያ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችን ጥያቄ አስገረመኝ። “ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ተሰብራ ታውቃለች?” አለችን። ጠመም ያለውን አንጓ አሳየናት። እሷም አይታ፣ “መልእክቱ ያኔ ደርሷችሁ ነበር፤ የሚያነብላችሁ ግን አላገኛችሁም” አለች። ወገኖቼ፣ ይህችን ጽሑፍ የጻፍኩት ያንን መልእክት ለእናንተ ለማንበብ ነው።

አጥንት ሕያው ነው

ብዙዎቻችን አጥንትን እንደ ቤት ምሰሶ አንዴ ቆሞ የቀረ ነገር አድርገን እናስበዋለን። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። አጥንት በየጊዜው አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ የሚተካ ሕያው አካል ነው። እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ግንባታው ከፍርሻው ይበልጣል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ፍርሻው ያይላል። ሴት ልጅ የወር አበባዋ ሲቋረጥ አጥንቷን ይጠብቅላት የነበረው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት አጥንቷ በፍጥነት ይሳሳል። ወንዶችም አይቀርልንም፤ ዘግየት ብሎ ይመጣብናል። ሐኪሞች ይህን የአጥንት መሳሳት ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል።

ክፋቱ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ትኩሳት የለውም፤ አጥንቱ እስኪሰበር ድረስ ሕመም የለውም። በዓለም ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከአምስት ወንዶችም አንዱ በቀሪ ዕድሜያቸው በዚህ ምክንያት ስብራት እንደሚደርስባቸው ይገመታል። ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት የእጅ አንጓ፣ የአከርካሪ አጥንትና ዳሌ ናቸው። የጀርባ መጉበጥና የቁመት ማጠርም ብዙ ጊዜ ማንም ሳያውቅ የተሰበረ የአከርካሪ አጥንት ውጤት ነው።

ከሁሉ የከፋው የዳሌው ስብራት ነው። በልጽገዋል በሚባሉት አገሮች እንኳ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። የሚገድለው ስብራቱ ብቻ አይደለም፤ አልጋ ላይ መቅረቱ ነው። የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ በእግር ሥር የሚረጋ ደም ይከተላሉ። ስለዚህ ሐኪሞች ቢቻል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና አድርገው በማግሥቱ ሊያስነሡ ይጥራሉ።

ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል ይኖራል። በ1990 እ.ኤ.አ. የአንድ ኢትዮጵያዊ አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ሃምሳ ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 ዓመት አልፏል። ለዚህ ጌታ ይመስገን! እናቶቻችን አያቶቻቸው ያላዩትን ዕድሜ እያዩ ነው። ያንን ዕድሜ በእግራቸው ቆመው እንዲኖሩት ማገዝ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ሸክሙ የሚያርፈው የት ነው?

አንድ አጥንት ሲሰበር የሚታመመው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። ከጅማ ስንመለስ እናቴ ያረፈችው እኛ ቤት ነው። ለቡናው የተቀመጠው ገንዘብ ለመድኃኒትና ለመጓጓዣ አለቀ። ባለቤቴ ገበያ መውጣቷን ትታ አማቷን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ ሥራዋ ሆነ። በሦስተኛው ወር ቤታችን ውስጥ ዝምታ ገባ። ባለቤቴ አላጉረመረመችም፤ ግን ከስታ ነበር፤ ሳቋም ጠፍቶ ነበር።

ባለትዳሮች ሆይ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ! በባህላችን በሽተኛ ማስታመም የሴት ሥራ ነው ይባላል። እኛ ቤት ግን አንድ ማታ ቁጭ ብለን ሥራውን ተካፈልን። የሌሊቱ ተራ የእኔ ሆነ፤ እናቴን ማንሣት፣ ጓሮ ድረስ ደግፎ ማራመድም የእኔ ሆነ። ከአጥቢያችን እህቶች ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ባለቤቴን ለገበያ ፈቱልን። ጸሎታቸውን አልነፈጉንም፤ እጃቸውንም እንዲሁ። ያን ጊዜ ሳቁ ወደ ቤታችን ተመለሰ። ዛሬ እናቴ አናጢ በሠራላት ባለ አራት እግር መደገፊያ ጓሮ ደርሳ ጎመኗን ትቀጥፋለች። ዳገቱን ወጥታ ለአምልኮ መድረስ ግን አልቻለችም። ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ስብራት አትናቁ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከቆመበት ወድቆ ብቻ አጥንቱ ከተሰበረ፣ ስብራቱ ቢድንም ስለ አጥንት መሳሳት ሐኪም ይጠይቅ። የአጥንትን ጥግግት የሚለካው መሣሪያ በአገራችን ብርቅ ነው፤ ሆኖም እንዲህ በቀላሉ የተሰበረ ዳሌ ወይም አከርካሪ በራሱ በቂ ምስክር ነው። መድኃኒትም አለው። አሌንድሮኔት የተባለው፣ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ እንክብል፣ ቀድሞ አከርካሪያቸው በተሰበረ ሴቶች ላይ የዳሌ ስብራትን በግማሽ ያህል መቀነሱ በ1996 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ ጥናት ታይቷል። የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ነው፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት አይተኛም። ለሁሉም ስለማይስማማ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመር።

ሁለተኛ፣ ገበታውን እንይ። ቆጮ ያጠግባል፤ የሥጋ ገንቢነቱ ግን በጣም አነስተኛ ነው። ስለዚህ ለአረጋውያን ቆጮውን በአይብ፣ በጎመን፣ በባቄላ፣ በእንቁላል እናቅርብ። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህሉን ይሰጣል። ወተቱን ሁሉ ለልጆች ብቻ አንተው። ቡናችንስ? በልክ ከሆነ አትፍሩ፤ የምግብን ቦታ ግን አይውሰድ።

ሦስተኛ፣ ፀሐይ። ዳመናው ሲገለጥ አረጋውያን ከምድጃው ዳር ተነሥተው ደጅ ይቀመጡ። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ እሱ ከሌለ ካልሲየሙ በቅጡ ወደ ሰውነት አይገባም። በየቀኑ ጥቂት መራመድም አጥንትንም ጡንቻንም ያጠነክራል።

አራተኛ፣ መውደቅን እንከላከል። የዳሌ ስብራት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመጣው ከመውደቅ ነው። ሌሊት የእጅ ባትሪ ከትራሳቸው ሥር ይኑር። ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠጠር እናፍስ፤ የሚያዝ እንጨት እንትከል። የዓይን ሞራ ያለባቸውን እናሳክም። አስም ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ኖሮባቸው ፕሬድኒሶሎን ለወራት የሚውጡም ስለ አጥንታቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ሲወሰድ አጥንትን ያሳሳልና። ግን በራሳቸው አያቋርጡ።

አምስተኛ፣ ስለ ወጌሾች። ብዙ ሰው የረዱ አሉ። ነገር ግን ከመጠን በላይ የጠበቀ ማሰሪያ ደም አግዶ እጅና እግር ያስቆርጣል። በአገራችን ወጌሾች ሥልጠና ካገኙ በኋላ ይህ ጉዳት መቀነሱን በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገልጿል። የታሰረው ሰው ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታና ወደ ሐኪም ይሂድ። ወድቆ መነሣት ያቃተው አረጋዊ ደግሞ ሳይታሽና ሳይጎተት በቀጥታ ሆስፒታል ይድረስ።

“ጸሎት እያለ ሐኪም ለምን?” ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። እኛ ወደ ጅማ ስንሄድም ስንመለስም ጸልየናል። የሐኪሟም እጅ ለእኛ የጸሎታችን መልስ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ አረጋውያንን ማክበር በበዓል ቀን ስጦታ ይዞ በመሄድ ብቻ አያበቃም። በዚህ ሳምንት ወደ እናታችሁ ወይም ወደ አባታችሁ ሂዱና፣ “ከሃምሳ ዓመት ወዲህ የተሰበራችሁት አጥንት አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። “አዎ፣ ያኔ ግን ድኗል” ካሏችሁ መልእክቱ ደርሷችኋል። “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉት።