የመኪናችን እልፍኝ

ሰው ከቤቱ ርቆ ሲያድር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጣሪያ ነው። ሆዱ ቢርበው እስኪነጋ ይታገሣል፤ ዝናብ ቢወርድበት ግን ሌሊቱ አልነጋ ይለዋል። ይልቁንም እንደኛ እንደ ሁሩሙ ባለ አገር፣ ዝናቡ ከብዙው የአገራችን ክፍል ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ በሚወጣበት፣ የጣሪያ ነገር ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ በእኔና በታናሽ ወንድሜ ላይ የደረሰውን ነገር፣ ከእርሱም ያገኘሁትን ትምህርት፣ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በዚህ መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ አሰብሁ። ነገሩ ስለ አንዲት የመኪና ድንኳን ነው።

የእናቴ ወንድም ልብስና ጫማ እየያዙ ከገበያ ወደ ገበያ የሚዞሩ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ሁሩሙ፣ አንድ ቀን ያዮ፣ አንድ ቀን መቱ ይውላሉ፤ ሲቀናቸውም እስከ ጎሬ ይወጣሉ። የአሮጌውን ሚኒባሳቸውን የኋላ ወንበሮች አስነቅለው በስፍራው የጣውላ አልጋ አሠርተውበታል። ከአልጋው ሥር ሸቀጡ፣ ከአልጋው ላይ እሳቸው ያድራሉ። እኛ የእኅታቸው ልጆች «ኤሱማ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ይህም በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው።

ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ወደ ቤታችን መጥተው፤ «በዚህ ክረምት ሁለታችሁም አብራችሁኝ ትዞራላችሁ፤ የምታገኙትም ገንዘብ ለደብተርና ለደንብ ልብስ ይሆናችኋል» ባሉን ጊዜ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ነገር ግን መኪናው የሚያስተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከመኪናው ጎን የምትያያዝ የሸራ እልፍኝ ማበጀት ግድ ሆነ። ቀን ደንበኛ ከዝናብ ይጠለልባታል፤ ማታ እኛ እናድርባታለን።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላው ዓለም የታወቀ ነው። በጀርመን አገር ዌስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቮልስዋገን መኪና ውስጥ ለመንገደኛ የሚሆን መኝታ ሲያበጅ ቆይቷል፤ ከመኪናው በር ጋር የሚያያዝ ድንኳንም ለዚሁ ዓይነት መኪና ይሠራል። በአገራችንም ቢሆን በድንኳን ማደር ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። ጎንደር በ17ኛው መቶ ዓመት ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ እየተዘዋወሩ በድንኳን ከተማ ይቀመጡ ነበር። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስም የዐፄ ልብነ ድንግልን የድንኳን ከተማ አይቶ በመጽሐፉ ጽፎለታል። ደግሞስ እስከዚያ ድረስ ምን ያስኬደናል! በየሰፈራችን ያለው ዕድር ድንኳን ያለው አይደለምን? እንግዲህ ስለ ድንኳን ለመጠየቅ ለፈለገ ሰው ዐዋቂው በደጁ ነበረ። እኔ ግን አልጠየቅሁም።

ከሁሩሙ ልንነሣ ስንል አያቴ ብቻ፤ «ልጄ፣ የሚተነፍሰውን ሸራ ግዛ» አሉኝ። እኔም በልቤ ሳቅሁ። ድንኳን ሳንባ አለውን?

መቱ ገበያ ስንደርስ ኤሱማ ገንዘቡን በእጃቸው ይዘው፤ «ኢልማ ኮ፣ አንተ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነህ፤ ሳይንስ ትማራለህ፤ ምረጥ» አሉኝ። ከፊታችን ሦስት ዓይነት ነገር ቀረበ። የመጀመሪያው ላስቲክ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ሸክሙም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ነፋስ አንድ ጊዜ ከቀደደው ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ሁለተኛው የጥጥ ሸራ ነው፤ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይበዛል። ነጋዴው እንደ ነገረን የጥጡ ክር ውሃ ሲነካው ያብጥና ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ስለዚህ አዲሱን ሸራ ከመጠቀም በፊት አንድ ሁለት ጊዜ አርሶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ዝናብ ሳለም ከውስጥ በእጅ ቢያሹት ወይም ዕቃ ቢያስደግፉበት በዚያው ስፍራ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ሦስተኛው የጭነት መኪና የሚሸፈንበት በፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ነው። ይህኛው ቢያሹትም ቢደገፉትም አንዲት ጠብታ አያሳልፍም።

እኔም ያለ ማመንታት ሦስተኛውን መረጥሁ። ያን ጊዜ የማስበው ስለ ውሃ ብቻ ነበርና ውሃ የማያሳልፍ ነገር ሌላም ነገር እንደማያሳልፍ ወደ ልቡናዬ አልመጣም።

የመኪናውን ከፍታ ከመሬት እስከ ፖርቶ መጋላው ለክተን፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ወርዷ 2 ሜትር ተኩል የሆነች እልፍኝ በልብስ ሰፊ አሰፋን። በአንዱ ወገን ከመኪናው ጣሪያ በላይ አልፎ በማዶ ከጎማው ጋር የሚታሰር ትርፍ ሸራ ተዉንላት፤ ይህ ከሌለ በመኪናውና በድንኳኗ መካከል የሚወርደው ውሃ በቀጥታ በራስ ላይ ይፈስሳል። በመኪናው በኩልም ሁለት ምሰሶ አቆምንላት፤ ኤሱማ ዕቃ ለማምጣት በሄዱ ጊዜ ብቻዋን መቆም አለባትና።

በመጀመሪያው ቀን ሁሩሙ ገበያ ላይ ስተክላት ጣሪያዋን እንደ ጠረጴዛ ሜዳ አደረግሁት። ከቀትር በኋላ ዝናብ መጣ። ወዲያው ጣሪያው መካከሉ ላይ እንደ ላም ሆድ ተንዘርጥጦ ምሰሶው ይንቋቋ ጀመር። ማታ በደብተሬ ላይ ሳሰላው ነገሩ ገባኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የእኛ ጣሪያ 7 ካሬ ሜትር ተኩል ስለ ሆነ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጠራቀምበት 150 ሊትር፣ ማለት ሰባት ጀሪካን ተኩል ውሃ ነው። ከዚያ በኋላ በመኪናው በኩል ከፍ፣ በውጭው በኩል ዝቅ አድርጌ ተከልኋት፤ ዙሪያዋንም ቦይ ቆፈርሁላት። ኤሱማ ደግሞ ስለ ገመዱ አስተማሩኝ። የቃጫ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ያጥራል፤ ወጥረው ካሰሩት ሌሊት ካስማውን ይነቅላል። ስለዚህ ዝናብ በበረታ ቁጥር ተነሥተው ገመዱን ላላ ያደርጉ ነበር። ይህ ልማዳቸው በኋላ ምን እንዳደረገልን አንባቢ ያየዋል።

ሁለት ሳምንት ያኽል በሰላም አለፈ። አንዲት ጠብታ እንኳ አልገባችብንም። እኔም በምርጫዬ ኮራሁ። ጧት ጧት ብቻ የሸራው ውስጥ ወገን ላቦት ይዞ ብርድ ልብሳችንን ያረጥበው ነበር። ይህ ከራሳችን ትንፋሽ የተጠራቀመ ውሃ መሆኑን እያወቅሁ ቸል አልሁት። መውጫ ያጣው ትንፋሻችን በየጧቱ ያስጠነቅቀኝ ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ጎሬ ወጣን። ጎሬ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለች፣ ጉምና ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። በአዲስ አበባ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ1000 እስከ 1200 ሚሊ ሜትር ሲሆን በጎሬ ወደ 2000 ይደርሳል፤ ይህም ውሃው ባለበት ቢቆም ኖሮ ረጅሙን ሰው በሰጠመ ነበር ማለት ነው። በዚያች ሌሊት ነፋሱ ከሥር እየገባ አስቸገረን። እኔም የድንኳኗን ጠርዝ በዙሪያው በአፈርና በድንጋይ ጫንሁት። ነፋሱ ቀረ። ታናሽ ወንድሜ ግን ገና የ10 ዓመት ልጅ ነውና ጥርሱ እየተንገጫገጨ፤ «ወንድም ጋሼ፣ በረደኝ» አለኝ። ራት ያበሰልንበት የከሰል ምድጃ በውጭ ነበረ። ጢሱ አልቆ ፍሙ ብቻ ቀርቷል። ጢስ ከሌለው ምን ያደርጋል ብዬ ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ መግቢያውንም ዘጋሁ። ወንድሜ እጁን አሙቆ፣ ደስ ብሎት ተኛ። እኔም ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው እንደ ሕልም ያለ ነገር ነው። ራሴን በመዶሻ የሚመቱኝ መሰለኝ። ለመነሣት ፈለግሁ፤ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ወንድሜን ልጠራው ፈለግሁ፤ ድምፄ አልወጣም። ውጭ ዝናቡ በርትቶ ነበርና ኤሱማ እንደ ልማዳቸው ገመዱን ሊያላሉ ወጡ። ምሰሶውን እንድይዝላቸው ደጋግመው ቢጠሩኝ መልስ አጡ። መግቢያውን ሲከፍቱት ሙቀት ፊታቸውን መታቸው። ሁለታችንንም እየጎተቱ በዝናቡ ላይ አወጡን። እኔ ብርዱ ሲነካኝ አስመለሰኝ፣ ነቃሁም። ወንድሜ ግን ቢጠሩት ቢያናውጡት አይሰማም።

በዚያ ዝናብ ውስጥ ኤሱማ እንደ ሕፃን አቅፈውት፤ «ለእኅቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ?» ሲሉ ሰማሁ። ይህን ቃል እስከምሞት አልረሳውም።

ድንኳኗን እንደ ቆመች ትተን በመኪናው ወደ ሕክምና ወሰድነው። ኦክሲጅን ሰጡት። እኔ ከደጅ ቁጭ ብዬ ነጋ። ረፋድ ላይ ዐይኑን ከፍቶ «ዳቦ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የጣፈጠ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ያከመችን እኅት ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። ከሰል አየር ባነሰበት ስፍራ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ኦክሲጅን ሊይዝ የሚገባውን የደም ክፍል ቀድሞ ይይዝበታል፤ ሰውየውም ሳይታወቀው፣ እንቅልፍ እየመሰለው ይሞታል። ልጅም ቶሎ ይጎዳል። «ጢስ ያለው እሳት ያስለቅሳል፣ ያስወጣልም፤ ጢስ የሌለው ግን ዝም ብሎ ያስተኛል» አለችን።

ወደ ሁሩሙ ስንመለስ ለእናታችን ሁሉን ነገርናት። ምንም አልተናገረችም፤ ወንድሜን ይዛ ገባች። አያቴም «የሚተነፍሰውን ግዛ አላልሁህም?» አላሉኝም፤ ይህ ዝምታ ግን ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ። በማግስቱ ወደ ዕድራችን ድንኳን ጠባቂ ሄድሁ። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ስንት ድንኳን እንደ ተከሉ እግዚአብሔር ይወቀው። ሁሉን በትዕግሥት ነገሩኝ። ጠርዙ ዙሪያውን በአፈር አይደፈንም፤ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ስንዝር ያኽል ክፍት ይተዋል። ከላይም መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ አየር ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣልና። ደጁ ለነፋስ ጀርባውን ይሰጣል። እርጥብ ሸራ አይታጠፍም፤ ከታጠፈም በማግስቱ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ አለዚያ ይሻግታል። በጥጥ ሸራ ቢሆን በላስቲክ፣ ሰው በሚተኛበት ድንኳን ውስጥ እሳት አይገባም።

እየነገሩኝ ሳለ በጥግ የተጠቀለለውን ነጭ የዕድር ድንኳን አየሁ። ያ ድንኳን በደጃችን ሊተከል የቀረው አንድ ሰዓት ያኽል ብቻ ነበረ። የምተክለውም ምናልባት እኔው ራሴ ከሽማግሌው ጋር ሆኜ ነበር።

ሸራውን ለመለወጥ ገንዘብ ስላልነበረን በዚያችው ድንኳን ሁለት መስኮት አስወጣንላት፤ አንዱ ከላይ ከጣሪያው ሥር፣ ሁለተኛው በትይዩው ከታች። ሁለቱንም በወባ መከላከያ አጎበር ጨርቅ ሸፈንናቸው። ከላይኛው መስኮት በላይ ዝናብ እንዳይገባ ክንፍ ሰፋንለት። ለማብሰያ ደግሞ ግድግዳ የሌለው ትንሽ ዳስ ለብቻው ሠራን። የቀረውን ክረምት በእርሷ ዞርን። ላቦቱ ቀነሰ፤ ብርድ ልብሱም ደረቀ። ይበርደን ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ደረቅ ካልሲና ተጨማሪ ብርድ ልብስ ብርድን ይችሉታል። በክረምቱ መጨረሻ የሁለታችን ደብተርና ደንብ ልብስ ተገዛ።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከመካከላችሁ ድንኳን የሚተክል ጥቂት ይሆናል፤ ነገር ግን በብርድ ጊዜ ከሰል ወደ መኝታ ቤት የማያስገባ፣ ቡና ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ምድጃውን ከእንቅልፉ አጠገብ የማይተው ቤት ስንት ነው? እባካችሁ ዛሬ ማታ ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡ። ሁለተኛም፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ መጽሐፍ ስለ ተማርሁ ብቻ አያቴን ለመጠየቅ አፈርሁ፤ የዕድሩንም ሽማግሌ ናቅሁ። የ11ኛ ክፍል ሳይንስ ስለ ዝናቡ ሊትር በትክክል ነግሮኝ ነበር፤ ስለ አየሩም ሊነግረኝ ይችል ነበር፣ እኔ ግን አልጠየቅሁትም።

አሁንም አንዳንድ ሌሊት እነቃለሁ። ወንድሜ ከጎኔ ተኝቷል። ዝም ብዬ ትንፋሹን አዳምጣለሁ፤ ሲገባና ሲወጣ ከሰማሁ በኋላ መስኮቱ ገርበብ ብሎ መከፈቱን አይቼ ተመልሼ እተኛለሁ።