«እስቲ ድምፁን ጨምሪልኝ»

የመጋቢ ሚስት ስለ መኪና ቴፕ ልትጽፍ ነው ሲባል ፈገግ የምትሉ አትጠፉም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የግሪክኛ ግሥ ለማርባት ስታገል ስለ ፊውዝና ስለ አምፒር ያስተማረኝ አልነበረም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ልቤን ያቆሰለው ጉዳይ የተገለጠልኝ በአንዲት አሮጌ ፒክአፕ ጋቢና ውስጥ ስለሆነ፣ እስቲ ላጫውታችሁ።

የምንኖረው ኮላ ድባ ነው። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ የምታገኟት የደምቢያ ከተማ ናት። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ። ነጠላ ጋቢና ሃይሉክሳችን ዕድሜዋ ከትዳራችን ይበልጣል። የጉባኤ ወንበር ትጭናለች፣ ታማሚ ጎንደር ታደርሳለች፣ የምእመናንን ሽምብራ ገበያ ታወጣለች። የናፍጣ ሞተሯ ሲነሣ ግን አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መነጋገር ጉሮሮ ይጠይቃል።

ባለቤቴ በመንገድ ላይ ስብከትና መዝሙር መስማት ይወዳል። የካሴት ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል፤ ሲጋራ መለኮሻው ላይ በሚሰካው ትንሽ ዕቃ ፍላሹን በኤፍ ኤም እያሳለፈ ነበር የሚሰማው። የበሮቹን ስፒከሮች አቧራ በልቷቸዋል። «እስቲ ድምፁን ጨምሪልኝ» ይለኛል። እጨምራለሁ። ጯሂት ሳንደርስ እንደገና «ጨምሪልኝ።» እኔ አንድ ነገር ስነግረው ደግሞ «እ?» ይላል። እደግመዋለሁ። «እ?» በመጨረሻ «ተወው» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ።

እህቴ ሆይ፣ ይህችን «ተወው» የምታውቂያት ይመስለኛል። እኔ እያደር ብዙ ነገር አጠራቀምሁባት። የምእመናኑን ሁሉ ችግር ተቀምጦ የሚሰማ ሰው የእኔን አንድ ዓረፍተ ነገር መስማት አቃተው አልሁ። ለጌታ በእንባ ነገርሁት። በጸሎት ርዕስ ስም ለአንዲት እህትም ነገርኋት፤ ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ዕቁብ ወጣልኝ። ባለቤቴ ለአንድ ሳምንት ለስብሰባ ባሕር ዳር ወርዶ ስለነበር ሳልነግረው የመኪናዋን ድምፅ ላሠራ ቆረጥሁ። ለሰው ሁሉ «ላስደንቀው ነው» አልሁ። እውነቱ ግን ብጠይቀው «የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ ይቅደም» እንደሚለኝ ስለማውቅ ነው። ከዚያም በላይ፣ ቴፑ ጥሩ ከሆነ መጮኹ ይቀራል፣ መጮኹ ከቀረ እንደ ድሮው እናወራለን ብዬ ነበር።

ጎንደር ወጥቼ ፍላሽ የሚያነብ ማጫወቻ፣ አንድ ጥንድ የበር ስፒከርና አምፕሊፋየር ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ 9,000 ብር። የአምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ በትልቁ «1,200 ዋት» ይላል። ባለሱቁ ከወንበር ጀርባ የሚቀመጥ ትልቅ ቤዝም ሊጨምርልኝ ነበር፤ ብሩ ስላለቀ ተረፍሁ።

ለመግጠም የጸሎት ቤታችንን ሞንታርቦ የሚያገናኘውን ልጅ ጠራሁ። ፈቃደኛ ነበር፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ግን ሌላ ነገር ነው። የአምፕሊፋየሩን ኃይል ከቴፑ ቀጭን ሽቦ ላይ ቀጠለው። ጥቂት እንደሠራ ፕላስቲክ የተቃጠለ ሸተተን። ሮጠን የባትሪውን ራስ ፈታን። እኔ በዚያች ደቂቃ የታየኝ እሳቱ ሳይሆን «መኪናዋን ማን አቃጠላት?» ሲባል የምሰጠው መልስ ነበር።

በማግስቱ መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ወንድም ጎንደር አደረሰኝና አንድ ወጣት የመኪና ኤሌክትሪሽያን ዘንድ ቆምን። ክዳኑን አንሥቶ ዐየና «እትዬ፣ ይኼን እንዲህ ያሰረው ማነው?» አለኝ። ዝም አልሁ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ እየሠራ ያስረዳኝ ነበር። እናንተም ሳታውቁ ወደዚህ ነገር እንዳትገቡ የሰማሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ የካርቶኑን ቁጥር አትመኑ። ያ ለቅጽበት ብልጭ የሚል ኃይል ነው ቢባል እንኳ የተጋነነ ነው። የአምፕሊፋየሩን ጀርባ አሳየኝ፤ ፊውዙ 25 አምፒር ነው። የመኪናዋ ሞተር ሲሠራ የሚገኘው 14 ቮልት ያህል ነው። 25 በ14 ሲባዛ 350 ዋት፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ 1,200 ከየት ይመጣል? በሒሳብ ደካማ ብሆንም ይህ ገባኝ። ደግሞም ፒክአፕ 12 ቮልት ነው፤ አይሱዙን የመሳሰሉ የጭነት መኪኖች 24 ናቸውና ዕቃ ስትዋዋሱ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛ፣ የአምፕሊፋየሩ ኃይል ወፍራም ሽቦ ይዞ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፤ ፊውዙም ከባትሪው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ርቆ ይገባል። ፊውዙ የሚጠብቀው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው እርሱ ነው። ሽቦው ከሞተሩ ወደ ጋቢና በሚገባበት ቀዳዳም ብረቱ እንዳይቆርጠው ጎማ አደረገበት።

ሁሉን ጨርሰን ሞተሩን ስናስነሣ ከስፒከሮቹ «ዚይይይ» የሚል ጩኸት መጣ፤ ነዳጅ ሲረገጥ እየቀጠነ ይሄዳል። ደነገጥሁ። ልጁ ሳቀ። የዲናሞው ድምፅ ነው አለኝ። ጥቁሩን ሽቦ ያሰረው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ስለነበር ቀለሙን እስከ ነጩ ብረት ፍቆ መልሶ አጠበቀው፤ የድምፁን ገመድም ከኃይሉ ሽቦ ለይቶ በሌላው ጎን አሳለፈው። ጠፋ።

ስፒከሮቹን ሲገጥም ያደረገው ነገር ደስ አለኝ። አንዲት የባትሪ ድንጋይ አምጥቶ በሁለቱ ጫፎች ነካ አደረጋት፤ የስፒከሩ ሆድ ወደ ውጭ ብቅ አለ። የሌላኛውም ወደ ውጭ ብቅ ማለት አለበት። አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባ ከሆነ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የበሩንም ቀዳዳዎች ደፈነ፤ በስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ ያጠፋዋል አለ። ያረጀውን የበር ጎማ ሲቀይር ደግሞ የመንገዱ ጩኸት ራሱ ቀነሰ። እንደ እኔ ፍርድ ከ9,000ው ብር ይልቅ የጠቀመን ይህ ጥቂት ብር የወጣበት ጎማ ነው።

አባቴ ትዝ አለኝ። በወጣትነቱ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮን ይከታተል ነበር። ጣቢያው በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1969 ዓ.ም. ደርግ የወረሰው ነው። የአባቴ ራዲዮ ስፒከር ከቡና ስኒ ማስቀመጫ አይበልጥም ነበር፤ ሆኖም አንድ ቃል አያመልጠኝም ይለን ነበር። ቤቱ ጸጥ ያለ ነበራ!

ባለቤቴ ተመለሰ። ቁልፉን ሲያዞር ማጫወቻው በርቶ ዐየ። «ይኼ ምንድን ነው?» አለ። ነገርሁት። «ስንት ወጣ?» አለ። «ሰባት ሺህ» አልሁ፤ ዐሥር እርምጃ ሳንሄድ «ዘጠኝ» ብዬ አረምሁ። ዝም ብሎ ነዳ። የሚወደውን ስብከት አጫወትሁለት። ለእኔ እያንዳንዱ ቃል እንደ ተለቀመ ጤፍ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። አዳመጠ፣ አዳመጠና «ጌታ ይባርክሽ፣ ግሩም ነው» አለ። ከዚያ ቀጠለና፣ «እስቲ ድምፁን ጨምሪልኝ።»

እንባዬ መጣ። ጨመርሁለት፤ ለእኔ ጆሮ የሚያም ሆነ። እርሱ ግን «ድምፁስ አለ፤ ቃሉ ነው የማይለይልኝ» አለ።

ከሦስት ቀን በኋላ እቤት፣ ሞተር በሌለበት፣ ከስቶ ስላየሁት «ሱሪህ ሰፋብህ» አልሁት። «የት ይጠፋብኛል? ለብሼው የለም እንዴ!» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ስቄ መካከል ላይ አቆምሁ። «ሰፋ» ብዬ «ጠፋ» ነበር የሰማው።

ጎንደር የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በጆሮው ማዳመጫ አድርገው ከወፍራም እስከ ቀጭን ልዩ ልዩ ድምፅ አሰሙት። ወፍራሙን ይሰማል፤ ቀጭኑን በሁለቱም ጆሮዎቹ አጥቶታል። ሐኪሙ እንዳስረዳን እንደ «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ጠ» ያሉት ፊደላት የሚለዩት በቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ሰውዬው መነገሩን ይሰማል፣ ምን እንደ ተነገረ ግን አይለይም። የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ነው አለ። «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲለው ባለቤቴ «መጋቢ» አለ። ሐኪሙ ጸጥታ ያለበት ሥራ መሰለው።

እኛ ግን እናውቃለን። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከመድረኩ አንድ ሜትር ባልራቀ ሞንታርቦ አጠገብ፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ተቀምጧል። ለጆሮ የሚመከረው 85 ዴሲቤል በቀን እስከ 8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። የእኛ አምልኮ በ15 ደቂቃ ያልቃል? ሽማግሌዎች ሆይ፣ ይህን የምለው መዝሙር ጠልቼ አይደለም። ክንድ ያህል ርቆ ለቆመ ሰው ለመናገር የምትጮኹ ከሆነ በዚያ ቤት ድምፁ በዝቷል። እኛ ሞንታርቦዎቹን ወደ ፊት አውጥተን ከመድረኩ አራቅናቸው፤ ሁለት ሳምንት ማጉረምረም ነበር፣ ከዚያ ሰው ረሳው።

ያቺን እህት ፈልጌ የጸሎት ርዕሴን አስተካከልሁ። ከባድ ነበር።

ፒክአፗ ዛሬም አለች። ማጫወቻው እስከ 40 ይደርሳል፤ እኛ ከ14 አናልፍም። ሁለት ስብከት አዳምጠን እናጠፋዋለን። የምነግረው ነገር ሲኖረኝ ክንዱን ነካ አደርገዋለሁ። ጥግ ይዞ፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ካለ ከሥሩ ያቆማል፤ ሞተሩን ያጠፋና ፊቱን ወደ እኔ መልሶ አፌን እያየ «በይ» ይለኛል።