ርቀት ብሔር ቢሆን ኖሮ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ አዲስ አበባ፣ አንድ የአገራችን ሰው ተዝካር ላይ ተቀምጠን ነበር። የአገራችን ስል የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው ማለቴ ነው። ጠላው ሁለት ሦስቴ እንደዞረ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ መንገድና ወደ ቢሮ ዞረ። ይኼኔ አንድ ጎረምሳ ብድግ አለና፣ «እኛስ ለምን የራሳችንን ፓርቲ አናቋቁምም?» አለ። ቤቱ በሳቅ አውካካ። «ሊቀ መንበሩ ከላይ ጋይንት ይሁን ከታች ጋይንት?» አለ አንዱ። «የምርጫ ምልክታችን ድንች ይሁን!» አለ ሌላው።

ያልሳቁት ለተዝካሩ ብለው ከስማዳ የመጡት አጎቴ ብቻ ነበሩ። «ምን ብለን ልንመዘገብ ነው?» አሉ። «ቋንቋችን ከባሕር ዳር ሰዎች ጋር ያው ነው። የተለየነው በመራቃችን ብቻ ነው። ርቀት ብሔር ይሆናል እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ይህች ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ አብራኝ ሰነበተች።

ለመመዝገቡስ መንገድ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ክልላዊ ፓርቲ ለማቋቋም 4,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል። ከሦስቱ አገር ሰው 4,000 ፊርማ አይጠፋም። የሚቸግረው ጥያቄውን በምን ላይ እንደምናቆመው ነው።

አርጎባዎችን ተመልከቱ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ፓርቲያቸውም ትንሽ ነበር። ሆኖም የአርጎባ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት በ1997ም በ2002ም ምርጫ አንድ አንድ ወንበር ይዞ ፌዴራል ፓርላማ ገብቷል። ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የአርጎባ ልዩ ወረዳ አለ። ክርክራቸው አጭርና ግልጽ ነው፦ እኛ የራሳችን ታሪክና ማንነት ያለን ሕዝብ ነን፣ ራሳችንን እናስተዳድር። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ክርክር በር ከፍቷል፤ እሰየው ነው። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥትም አዊን፣ ኽምራንና ኦሮሞን በብሔረሰብ አስተዳደርነት ያውቃቸዋል።

እኛስ? የእኛን ክርክር አጎቴ ሲናገሩት እንዲህ ነው። በቀበሌያቸው አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ልጆች ዘለው ይሻገሩታል፤ በክረምት ግን በሬ ይወስዳል። ሰዉ ተሰብስቦ መከረ፤ ድንጋይ ለቀመ፣ አሸዋ አወጣ፣ ብር አዋጣ። ትንሽ ድልድይ ለመሥራት የቀረው የባለሙያ ንድፍና ፊርማ ነበር። ወረዳው ባለሙያ የለኝም አለ። አጎቴ ደብረ ታቦር ሄደው በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ አደገደጉ። ባለሙያው መስክ ወጥቷል ተባሉ። ተመለሱ፤ ደግመው ሄዱ፤ ስብሰባ ነው ተባሉ። በሦስተኛው ሲሄዱ ሰኔ ገብቶ ነበር። ዝናቡ አሸዋውን ጠርጎ ወሰደው። በዚያው ክረምት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተይዛ ወንዙ እስኪጎድል ከዳር አደረች። እናቲቱ ተረፈች።

ይህን ታሪክ በየትኛው የብሔር ሣጥን ውስጥ እንጨምረው?

ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ለአውራጃዎች ራስን የማስተዳደር ሥልጣን የሚሰጥ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው ሳይቀበለው ቀረና ከወረቀት አላለፈም። ያኔ ጋይንት ራሱን የቻለ አውራጃ ነበር፤ ነፋስ መውጫም ዋና ከተማው። ዘመን ተለወጠና አውራጃው ራሱ ቀረ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ «ሥልጣን ወደ ወረዳ ወረደ» ተባለ፤ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ይሰጣቸው ጀመር። ባዶ ወሬም አልነበረም። የመምህሩና የጤና ሠራተኛው ጉዳይ ወደ ወረዳ መጣ። ግን የጥቅል በጀቱ አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል፤ ለድልድይና ለምንጭ የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ሲጀመርም ያው ነው። የትኛው ቤት ጾሙን እንደሚያድር የሚያውቀው ቀበሌው ሆኖ ሳለ፣ ስንት ሰው እንደሚረዳ የሚወስነው ኮታ ከላይ ይመጣ ነበር።

«የቅርቡ ሹም ደግሞ መች ይሻላል?» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ወረዳ ላይም ጉቦ አለ፤ ዘመድ አዝማድ አለ። ይህንኑ ለአጎቴ ባነሣባቸው፣ «ይኑር!» አሉኝ። «የቅርቡ ሌባ ቢሆንም ለቅሶ ላይ አገኘዋለሁ። ሲሞትበት የምቀብርለት እኔ ነኝ፤ ልጁን ሲድር የምጠራው እኔ ነኝ። ከሰው ፊት እጠይቀዋለሁ፣ ያፍራል። የሩቁን የት አግኝቼ ላሳፍረው?» እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ተጠያቂነት ብዙ ገጽ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

የሚገርመው፣ የአጎቴ ክርክር ከሕገ መንግሥቱ ውጭ አለመሆኑ ነው። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። ብሔር አይጠይቅም፤ ቋንቋ አይጠይቅም። አንቀጽ 39ኝን ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል፤ ስሙን እየጠሩ የሚሟገቱለት ፓርቲዎች ሞልተዋል። አንቀጽ 50 ንዑስ 4 ግን ፓርቲ የለውም።

ፓርቲ የሌለው ሕግ የሚያስከትለውን ሳስብ ፍርሃት ይይዘኛል። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ክልል ሆነ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ 2015 ዓ.ም. ሲያልቅ ደቡብ የሚባለው ክልል ራሱ ከካርታ ጠፋ። ጠያቂዎቹን አልወቅስም፤ መብታቸው ነው። ነገር ግን አገሩ ሁሉ አንድ ትምህርት ተምሯል፦ ለመሰማት መለየት ያስፈልጋል። ርቀቱን የሚሰማለት ያጣ ሰው ልዩነት መፈለግ ይጀምራል፤ ፈልጎ ያጣ ሰው ደግሞ የለም። ነገ ጋይንቴው ከእስቴው የሚለይበትን ያገኛል፤ በአነጋገር ቃና እስከ ዛሬ የምንቀላለድባት ነገር መታወቂያ ትሆናለች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልሉ የገባበትን ግጭት ያየ፣ «አሁን ስለ ድልድይ ማውሪያ ጊዜ ነው?» ሊለኝ ይችላል። እኔ ደግሞ ጊዜው ይኸው ነው ባይ ነኝ። ገበሬ መንግሥትን የሚያውቀው በመግለጫ አይደለም፤ ሚስቱ ምጥ ሲይዛት ወንዙን ተሻግራ እንደሆነና እንዳልሆነ ነው።

አጎቴ አገራቸው ከገቡ በኋላ ስልክ ደወልኩላቸው።

«ፓርቲው ተቋቋመ ወይ?» አሉኝ።

«የለም አያ፣ የሚመዘገብበት ስም ጠፋ።»

ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ድንጋዩ አሁንም ከወንዙ ዳር እንደተከመረ ነው» አሉኝ።