ግንቡ ሲወድቅ ከሥሩ ማን ነበር?

ጠረጴዛ ከብበው ታሪክ እየፈጠሩ የሚጫወቱት ጨዋታ ለብዙዎቻችሁ አዲስ ሊሆን ይችላል። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «በሩን እከፍታለሁ»፣ «ወንዙን እሻገራለሁ» ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን የሚወስነው ግን እንደ ሉዶ የሚጣለው ዳይስ ነው። ከእነዚህ ጨዋታዎች ታዋቂው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ በአሜሪካ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ1980ዎቹ እዚያው አገር ብዙ ክርስቲያኖች «አጋንንት መጥሪያ ነው» ብለው ተነሥተውበት ነበር። እኛ ወለቃ ቅዳሜ ከሰዓት የምንጫወተው ደንቡን አቅልለን፣ ታሪኩን ከጎንደር ወስደን ነው። ተራኪው እኔ ነኝ።

ተራኪን የሚፈትነው ጭራቁ ሳይሆን ሕንፃው ነው። አንዱ ይነሣና «ድግምት ደግሜ ግንቡን እንዳለ አወርደዋለሁ» ይላል። «እሺ፣ ወደቀ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ልጆቹም ያጨበጭባሉ። ከዚያ በኋላ ግን በታሪኩ ውስጥ የሚከብድ ነገር አይኖርም፤ ግንቡ ሁሉ ካርቶን ይሆናል።

የጨዋታው መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ለዚህ ደንብ አለው። «የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚባለው ድግምት ሲደገም በአካባቢው መሬት የነካ ሕንፃ በየዙሩ 50 ነጥብ ይጎዳል። ነጥቡ ሲያልቅ ይፈርሳል። በሕንፃው ቁመት ግማሽ ርቀት ውስጥ የቆመ ሰው ካላመለጠ አምስት ዳይስ ተጥሎ ጉዳቱ ይቆጠራል፣ ፍርስራሹም ይቀብረዋል። አሥራ ሁለት ሜትር ግንብ ቢወድቅ እስከ ስድስት ሜትር ድረስ ያለው ሰው ሁሉ አለቀለት ማለት ነው። ድግምቱ ፈጠራ ይሁን እንጂ ይህን ልኬት እወደዋለሁ፤ ተጫዋቹ ከመደገሙ በፊት ዙሪያውን እንዲያይ ያስገድደዋል።

እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ ግንቡ በምን እንደቆመ ሳይነግረኝ ዳይሱን አላስጥልም። ለዚህ ፋሲል ግቢ ይዣቸው ሄጃለሁ። የቀዳማዊ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጣሪያ አልባ ሆኖ ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በ1941 ጣሊያን ጎንደርን ይዞ ሳለ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከላይ የሚጫነውን ሸክም ይችላል፤ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ግን ይሰነጠቃል። ቅስቱም የመሐል ድንጋዩ ከወጣ ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል።

አንድ ቅዳሜ አንድ ልጅ ገጸ ባሕርይውን ሲያስተዋውቅ «ከሸክላ ሠሪዎች መንደር የመጣሁ ቡዳ ነኝ፤ ግንቡን በዓይኔ አፈርሰዋለሁ» አለ። ሳቁ። እናቷ ሸክላ የምትሠራ አንዲት ልጅ ግን ዳይሱን በጣቷ እያገላበጠች ዝም አለች።

ጨዋታውን አላቆምኩም። «በዓይንህ ስታየው የትኛው ድንጋይ ቀድሞ ይወጣል?» አልኩት። አላወቀም። «ግንቡንስ ማን ሠራው?» አልኳቸው። «ፋሲል!» አሉ ባንድ ድምፅ።

ፋሲል ድንጋይ አልጠረበም። የጎንደርን ግንቦች ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። ወለቃችንም የእነርሱ መንደር ነበረች፤ ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሴቲቱ ሸክላ ትሠራለች። እ.ኤ.አ. በ1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአየር ወደ እስራኤል ተወስደዋል፤ የዚህ መንደር ሰዎችም አብዛኞቹ ዛሬ እዚያ ናቸው። ለነገሥታቱ ግንብ ያቆመው እጅ በአገሬው አፍ «ቡዳ» ተባለ፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ተፈራ። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ እሳት አጠገብ ወደሚሠራው ሰው መጠቆም ይቀል ነበር። ዛሬም የሚቀለው ሰው አይጠፋም።

አስማት የሚባል ነገር የለም ብዬ አላስተምርም፤ መጽሐፍ ቅዱስም እንደዚያ አይልም። ግን ሉቃስ ምዕራፍ 13ን ለልጆቹ አስታወስኳቸው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ አሥራ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ጌታ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች አለመሆናቸውን ተናገረ፤ ነገሩንም ወደሚሰሙት ወደ ራሳቸው መለሰው። ያ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ምን እንዳሰበ አልነገረኝም።

ዝም ያለችው ልጅ ግን ተናገረች። «የእኔ ገጸ ባሕርይ ግንበኛ ናት» አለች፤ «ቅስቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። የትኛው ድንጋይ መነካት እንደሌለበት አውቃለሁ።» ልጁ ድግምቱን ደገመ፤ እርሷ በእንጨት ልትደግፍ ሮጠች። ዳይሱን ጣለች፤ አምስት ወጣላት። ግንቡ ቆመ፣ ሰገነቱ ብቻ ወረደ። ከሥሩ የነበሩትን ሁለት ዘበኞች ለማውጣት ሦስት ዙር ፈጀብን፤ ድንጋይ ከሚያነሡት አንዱ ራሱ ደጋሚው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኖራ የሚያቃጥል ሰው ፍለጋ እንወጣለን።