ትኩሱ ሬንጅና ልጆቻችን

አብዛኞቻችን ጥቁሩን መንገድ በደፈናው «አስፋልት» ብለን እንጠራዋለን። ጥቁሩ ማጣበቂያ ግን ሬንጅ ነው። አስፋልት የሚባለው ሬንጁ ከኮረት፣ ከጠጠርና ከአሸዋ ጋር ሲቀላቀል ነው። በክብደት ሲታይ ከመቶው አምስት ያህሉ ብቻ ሬንጅ ነው፤ የቀረው ድንጋይ ነው። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና ስለ መንገድ ሥራ ምን አገባት እንዳትሉኝ። ያ አምስት እጅ ሰው ላይ የሚያደርሰውን ስላየሁ ነው የምጽፈው።

ሬንጅ አዲስ ነገር አይደለም። የሙሴ እናት ልጇን ወንዝ ዳር ያስቀመጠችበት ሣጥን ውሃ እንዳያስገባ በዝፍት መለቅለቁን ሁላችንም ሰምተናል። የዛሬው ሬንጅ የሚገኘው ግን ከድፍድፍ ነዳጅ ነው። ቤንዚኑ፣ ነጭ ጋዙና ናፍጣው ከወጣ በኋላ ከታች የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ነው። ሼልና ቶታልም ሬንጅ ከሚያቀርቡት የዓለም ኩባንያዎች መካከል ናቸው። አገራችን የሚሠራ የነዳጅ ማጣሪያ ስለሌላት ሬንጁ ከውጭ ተገዝቶ ይመጣል።

ድንጋዩ ግን የራሳችን ነው። የኢትዮጵያ ኮንስትራክሽን ሥራዎች ኮርፖሬሽን፣ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለሥልጣንና የግል ሥራ ተቋራጮች ሬንጁን ከተፈጨ ድንጋይ ጋር እያቀላቀሉ አስፋልት ያመርታሉ። ድብልቁ ሳይቀዘቅዝ መነጠፍና በሮሎ መደምደም አለበት። ስለዚህ ማምረቻው ከመንገዱ ብዙ መራቅ አይችልም፤ መንገድ ሲሠራ ማሞቂያውም በርሜሉም ወደ ገጠራችን አብሮ ይመጣል። ልጆቻችን ደግሞ ማሽን ካዩ ቤት አይቀመጡም።

አስፋልቱ የዋለልንን ውለታ አልክድም። ሥራ ስጀምር ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ጠጠር ነበር። ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ስንልክ፣ መኪና ቢገኝም ንቅናቄው ሌላ ሥቃይ ነበር። ዛሬ ከመራዊ ባሕር ዳር ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅም። በዚያ መንገድ የተረፉ እናቶችንና ሕፃናትን አውቃለሁ።

ግን ዋናው መንገድ ሬንጅ በሚለብስበት ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው አንድ ልጅ በአጎቱ ትከሻ ታዝሎ መጣ። ከብት ሊመልስ ሄዶ ትኩስ ሬንጅ ውስጥ እግሩን አስገብቷል። ቤተሰቡ የሚረዱት መስሏቸው ጥቁሩን ከእግሩ ላይ ልጠው አንሥተውታል። ከሬንጁ ጋር ቆዳውም ተነሥቷል። «ሲስተር፣ ቆሻሻውን እኮ አንሥተንለታል» አሉኝ አጎቱ፤ ክፋት አልነበረባቸውም። ልጁ ለወራት ቁስል ማጠቢያ ክፍላችን ተመላለሰ። እግሩ ተረፈ፤ ጠባሳው ግን ቁርጭምጭሚቱን ሸምቅቆት ቀረ።

የሬንጅ ቃጠሎ ከውሃ ቃጠሎ የሚከፋው በሁለት ምክንያት ነው። እንደኛ ባለ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ሊነጠፍ የተዘጋጀ አስፋልት ግን ብዙ ጊዜ ከ150 ዲግሪ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ውሃ ይፈሳል፤ ሬንጅ ግን ተጣብቆ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ይህ ቢደርስ የምታደርጉትን ልንገራችሁ። ወዲያውኑ የተቃጠለውን ቦታ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት፤ ሌላውን ሰውነት ግን ልጁ እንዳይበርደው ሸፍኑት። ቀለበት፣ አምባርና ያልተጣበቀ ልብስ እብጠት ሳይጀምር አውልቁ። የተጣበቀውን ሬንጅ አትንኩት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቁስሉን እንደ ክዳን ሸፍኖ ይቆያል። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም ጭቃ አታድርጉበት። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እዚያ በቫዝሊን ቀስ በቀስ ይለቃል፤ የቲታነስ ክትባቱም ይታያል። ሬንጁ ጣትን ወይም እግርን ዙሪያውን ከከበበ ግን ሲቀዘቅዝ ስለሚጨመድድና ደም ስለሚያግድ አንድ ደቂቃ አታባክኑ። ዓይን ውስጥ ከገባም በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ሩጡ።

ሌላው የበርሜሉ ነገር ነው። መንገዱ ሲያልቅ ባዶው የሬንጅ በርሜል ገበያ ይወጣል። ቆርቆሮው ተዘርግቶ ለበርና ለአጥር ቢሆን ምንም አይደል። ለመጠጥ ውሃና ለጠላ ግን አይሆንም፤ ከነዳጅ የወጣ ዝቃጭ በሣር ተፈግፍጎ አይጠራም። ለማጥራት ብሎ ግቢ ውስጥ እሳት መልቀቅም ጭሱን ለልጆች ማጠጣት ነው።

በአቅራቢያችሁ መንገድ የሚሠራ ከሆነ ልጆቹን ዛሬ ማታ ከእራት በፊት ቁጭ አድርጋችሁ ንገሯቸው፦ ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጭ ነገር፣ ጭስ ባይኖረውም እንኳ፣ በእግርም በእንጨትም አይነካም። ጓሮ ያስቀመጣችሁት በርሜል ካለም ከየት እንደመጣ ጠይቁ። የሬንጅ ከሆነ ውሃውን ድፉት።